ከግራ አራተኛው

ባሌ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው አይደለም። ሳህኑን ይዞ ይዞራል። አንድ ማንኪያ መስኮቱ ጋ፣ አንድ ማንኪያ በሩ ጋ፣ የቀረውን ደግሞ እኔ የምሰፋበት ክፍል ድረስ መጥቶ ከጀርባዬ ቆሞ ይጨርሳል። የሥራ ጓደኞቹ «እንዝርት» ይሉታል። እኔ ከዚያ የባሰ ስም አውጥቼለታለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

በተጋባን በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ቤት ቀይረናል። ቤት መቀየር ሲያቅተው ዕቃ ይቀይራል። ክር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ሶፋው ከአንዱ ግድግዳ ተነቅሎ ከሌላው ተለጥፎ አገኘዋለሁ። ቁም ሣጥኑ መኝታ ቤት አድሮ ሳሎን ይውላል። «ቤት ነው ወይስ የጭነት መኪና?» ስለው ይስቃል። አንድ ቀን መቀሴን ከስፌት መኪናዬ በስተቀኝ አንስቶ በስተግራ ሰቀለልኝ፤ «ለዐይን ደስ ይላል» ብሎ። ልብስ ሰፊ መቀሱን በዐይኑ አይፈልግም፤ እጁ ራሱ ሄዶ ያነሳዋል። ያን ቀን እጄ ሄዶ ያገኘው የጋለ ካውያ ነበር። ጠባሳው እስከ ዛሬ ከአውራ ጣቴ ሥር አለ፤ ስንጣላ አውጥቼ አሳየዋለሁ።

ሥራው የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት ነው። ከፕሮግራሙም ሰው የሚያየውንና የሚነካውን ፊቱን ነው የሚሠራው። እሳት የላሰ ባለሙያ ነው ይሉታል፤ እኔም አልክድም። ችግሩ የሠራውን ነገር ዐርፎ እንዲቀመጥ አለመተዉ ነው።

እናቱ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። አማቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርተዋል፤ በሽተኛ መጥቶ ስሙን ሲናገር መዝገቡን ፈልጎ ወደ ሐኪሙ የሚልከው ክፍል ማለት ነው። ካርዱ ወረቀት በነበረ ጊዜ መደርደሪያውን በእጃቸው ያውቁት ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ እኩዮቻቸው ሲያጉረመርሙ እሳቸው በሁለት ሳምንት ፊደሉን ሳያዩ መጻፍ ቻሉ። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። እንዝርቱን ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

ጡረታቸው ሊደርስ ሰባት ወር ሲቀረው አንድ ከሰዓት በኋላ የስፌት ክፍሌ ገብተው በሩን ዘጉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሆድ ይፍጀው» አሉኝ።

«ምን ሆኑ?»

«ዐይኔ እየሄደ ነው። መሃል መሃሉን ጉም ይሸፍንብኛል። ዳር ዳሩን አያለሁ። አሁን ፊትሽ አይታየኝም፤ የማየው ጆሮሽን ነው።»

ሐኪም ዘንድ ብቻቸውን ሄደው ኖሯል። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ቀስ እያለ ይሄዳል ተብለዋል። እጄ ላይ የነበረው ጨርቅ ወደቀ። እሳቸው ግን የሚያለቅሱትን ሁሉ ቀድመው አልቅሰው የጨረሱ ይመስሉ ነበር።

«ለእሱ እንዳትነግሪው» አሉኝ። «ታውቂው የለ? ሥራውን ጥሎ በየሐኪሙ ደጅ ያንከራትተኛል። ለአለቃዬም ሄዶ ይናገራል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሠራሁበት ክፍል ሰው እጄን ይዞ አያወጣኝም። ሰባት ወር ብቻ ነው። በገዛ እግሬ ገብቻለሁ፣ በገዛ እግሬ ልውጣ።»

ማልኩላቸው። ሌላ ምን ላድርግ? አንጀቴን በልተውታል።

በዚያው ሰሞን ቀይ የጥፍር ቀለሜ ጠፋ። ባሌን ጠረጠርኩ፤ ቤት ውስጥ ነገር ሲጠፋ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እሱ ነው። በሳምንቱ አማቴ ጠርሙሱን ግማሽ አድርገው መለሱልኝ። በዚህ ዕድሜ ጥፍር መቀባት ጀመሩ እንዴ ብዬ ልስቅ ስል ነገሩን አጫወቱኝ። ፊደሉን ጣታቸው ያውቀዋል። የበሽተኛው ስም በትልቁ ስለሚጻፍ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በዐይናቸው ጠርዝ ያነቡታል። ያስቸገሯቸው በፕሮግራሙ አናት ላይ በተርታ የተደረደሩት፣ ከምስማር ራስ የማይበልጥ ሥዕል ያላቸው ቁልፎች ናቸው። ስለዚህ ከስክሪኑ በላይ ባለው የፕላስቲክ ጠርዝ ላይ በየቁልፉ ትክክል አንድ አንድ ጠብታ ቀለም አደረጉ። ጠብታው ሲደርቅ እንደ ምስር ጉብ ይላል። የግራ ጣታቸውን ጉብታው ላይ ያሳርፉና የማውሱን ቀስት ከጣታቸው ሥር አምጥተው ይጫናሉ። ከግራ አንደኛው አዲስ ካርድ፣ ሁለተኛው ፈልግ፣ ሦስተኛው አስቀምጥ፣ አራተኛው አትም። ባልደረቦቻቸው አንድ ሕፃን የተጫወተበት መስሏቸው ተዉት።

ከወር በኋላ ባሌ እየዘለለ መጣ። ሆስፒታሉ የካርድ ክፍሉን ፕሮግራም ማሳደስ ፈልጎ ሥራው ለእሱ መሥሪያ ቤት ተሰጥቷል፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ለእሱ ሰጥቶታል።

«የእማዬን ፕሮግራም እኔ ልሠራው ነው!» አለ። እናቱን አቅፎ አዞራቸው። አማቴ በትከሻው ላይ አሻግረው ወደ እኔ አቅጣጫ አዩ።

ቱልባር የሚባለውን፣ በፕሮግራሙ አናት ላይ ያለውን የቁልፍ ተርታ፣ ያስረዳኝ በገዛ ቁልፎቼ ነው። የኮት ቁልፎቼን ከማስቀምጥበት ቆርቆሮ ገበታው ላይ ዘረገፈና በተርታ መደርደር ጀመረ።

«መጀመሪያ ባዶ መደርደሪያ ትዘረጊያለሽ» አለኝ። «ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትሰቅያለሽ። እያንዳንዱ ሥዕል አለው፣ ስም አለው፣ ሲነካ የሚሠራው ሥራ አለው። ማውሱ ሲያርፍበት ስሙ ብቅ ይላል። ዘመዳማቾቹን አንድ ላይ ታደርጊና በመሃል ቀጭን መስመር ታሰምሪያለሽ። ይኸው ነው።»

«ይኸው ከሆነ ምን ያስጨፍርሃል?»

«የእኔው ዝም ብሎ አይቆምማ! ብዙ የሚነካው ቁልፍ በራሱ ወደ ግራ ይመጣል። የማይነካው ወደ ኋላ ይሸሻል። ሰውየው ጠዋት ሲከፍተው እንደ ሥራው ተስተካክሎ ይጠብቀዋል።»

እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስብ እሱ ብቻ ነው። ሶፋው ራሱ ተነስቶ የሚሄድበትን ዘዴ ያገኘ ያህል ፊቱ በርቶ ነበር። አሮጌው ፕሮግራም አንድ ከባድ ነገር ከመሥራቱ በፊት «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እሱንም አወጣው። ጥያቄ ሲያስቆመው ደሙ ይፈላል።

«ሰው እርግጠኛ ካልሆነ ለምን ይጫናል?» አለኝ።

አማቴ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እጃቸውን ዘርግተው ቁልፎቹን ከግራ ጀምረው በጣታቸው ዳሰሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«አትም የቱ ነው?»

«ጥቁሩ፤ ስድስተኛ ላይ አድርጌዋለሁ። ግን ቋሚ አይደለም።»

አማቴ ጥቁሩን ቁልፍ አንስተው አራተኛው ቦታ ላይ አስቀመጡት። «እዚህ ነበር» አሉ።

«እማዬ፣ ዓለም እየሄደ ነው እኮ።»

«ዓለም ይሂድ። አትም ይቀመጥ።»

ሳቀ፣ ግንባራቸውን ሳመ። «እሺ፣ ላንቺ ስል ሲጀምር እንደ ድሮው ይሁን። ከዚያ በኋላ ቱልባሩ ራሱ ይወስናል» አለ። እኔ አፌን ከፈትኩ። አማቴ ከገበታው ሥር እግሬን ረገጡኝ። አፌን ዘጋሁ። ብናገር ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለእኔ በእሾህ ላይ እንደ መቀመጥ ነበሩ። አዲሱ ፕሮግራም ገባ። አማቴ ሥራ ውለው ሲመለሱ ገና ከበሩ ፊታቸውን አያለሁ። «ቆሟል?» እላቸዋለሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ቆሟል» ይሉኛል። እያንዳንዱ ማሽን የሚቆጥረው የራሱን ሰው እጅ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚነኩት እነዚያኑ አራት ቁልፎች ስለሆነ ቱልባሩም ከቦታው አልተነቃነቀም። ባሌ ግን የሌሎቹ ማሽኖች ሲቀያየሩ የእናቱ ባለመቀየሩ ቅር ብሎት ነበር። «ማሽን ሦስትን ምን ነካው? እንደ ደነዘዘ ቀረ እኮ» እያለ ቤቱን ይዞራል። እንዲህ እያለ አንድ ወር ሄደ። አራት ወር ቀረ።

አንድ ሰኞ አማቴ የዕረፍት ቀናቸው ነበር። በእሳቸው ወንበር ሌላ ሠራተኛ ተቀመጠች። ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ ሰዎችን ካርድ አንድ አድርጊ ተብላ ስለነበር ቀኑን ሙሉ የሠራችው ይህንኑ ነው፤ ሁለት መስመር ትመርጣለች፣ «አዋህድ» የሚለውን ትጫናለች። ብዙ መቶ ጊዜ። ቱልባሩ ይህን ሁሉ ቆጠረ። ማታ ማሽኑ ተዘጋ። ጠዋት ሲከፈት «አዋህድ» ከኋላ ተነስቶ አራተኛው ቦታ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት አሮጊት መጡ። አማቴ ስማቸውን ሲጽፉት ሁለት መስመር ወጣ፤ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች። እንዲህ ሲያጋጥም አማቴ ሁለቱንም መርጠው ያትሙና ለባለጉዳይዋ ያስነብባሉ። ጣታቸውን አራተኛው ጉብታ ላይ አሳርፈው ተጫኑ። ምንም አልታተመም። ወረቀት ያለቀ መሰላቸው። ዞር ብለው ሲፈልጉ ካርዱ አንድ ብቻ ሆኖ ወጣ፤ ወደ ሐኪሙ ላኩት።

ሐኪሙ ስክሪኑን አየ፣ አሮጊቷን አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ።

«እናቴ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነዎት ይላል» አላቸው።

«እንግዲያው አባትየውን ፈልጉልኝ» አሉ ሴትየዋ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሐኪሙ መሳቁን ያቆመው መርፌ ሊያዝላቸው ሲል ነው። አሮጊቷ «ያን መርፌ ብቻ እንዳትወጉኝ፤ ድሮ ሊገድለኝ ነበር፣ ካርዴ ላይ ተጽፏል» አሉት። ካርዳቸው ላይ አልነበረም። ሁለቱ ሲዋሃዱ የነፍሰ ጡሯ መዝገብ ተርፎ የእሳቸው ማስጠንቀቂያ ጠፍቷል።

ስልኬ ሲጮህ አንድ ቀሚስ ከስፌት መኪናዬ መርፌ ሥር ነበረ።

«ነይ» አሉኝ አማቴ። «አንድ ሰው ልገድል ነበር። ባልሽን ጠርተውታል። ከእሱ ቀድመሽ ነይልኝ።»

ቀሚሱን እንዳለ ትቼው ሮጥኩ። ታክሲው ቆመ፣ ሄደ፣ ቆመ፤ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ስደርስ ባሌ ከፊቴ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነበር። ጠራሁት፤ አልሰማኝም። እሱን ቀድሞ የደረሰ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ካርድ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አምስት ማሽን፣ አንድ ረጅም መደርደሪያ፣ በሽተኛ የሚያናግሩበት የመስታወት መስኮት። ኃላፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቆማለች። ሠራተኞቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል፤ አማቴም ከመሃላቸው ነበሩ። ባሌ ለማንም ሰላም ሳይል ኃላፊዋ ማሽን ላይ ጎንበስ ብሎ ፕሮግራሙ የሚይዘውን መዝገብ ከፈተ።

«ማሽን ሦስት» አለ። «ሁለት መስመር ተመርጧል። አዋህድ ተነክቷል። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ነው የሠራው!» ቀና ብሎ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። «ቁልፉ ላይ እኮ ሥዕሉ አለ፣ ስሙ አለ! ሳያይ የሚጫን ሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አማቴ።

ባሌ ዞረ።

«ሳላይ መጫን ከጀመርኩ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው፣ ልጄ።»

እሱን ባወቅሁበት ዘመን ሁሉ ሲቆም ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እጁ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። አማቴ ከግድግዳው ተላቀው በቀስታ ወደ ማሽን ሦስት ሄዱ፤ ወንበሩን በእጃቸው አገኙት። ልጃቸውን «ና» አሉትና ጣቱን ይዘው በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ባሉት ቀይ ጠብታዎች ላይ አስኬዱት።

«አዲስ ካርድ» አሉ። «ፈልግ። አስቀምጥ። ይሄ አራተኛው አትም። ቅዳሜ እዚህ ነበር። ዛሬ የት እንደሄደ አላውቅም።»

ከጣቱ ሥር ስክሪኑ ላይ የነበረውን የ«አዋህድ» ሥዕል አየ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ወደ ኃላፊዋ ዞሮ «ቁልፉን ያንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ። ጥያቄውንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። በጽሑፍ እሰጥሻለሁ። እሷ ምንም አላጠፋችም» አለ።

«ቁልፉ ያንተ ነው» አሉ አማቴ። «መደበቁ ግን የኔ ነው። ያቺ ሴትዮ አፍ ባይኖራት ኖሮ ዛሬ ምን እባል ነበር?»

ኃላፊዋ መነጽሯን አወረደች። «አራት ወር ነው የቀረዎት፣ እማማ። ሌላ ቦታ እንፈልግልዎታለን» አለቻቸው፤ ከልቧ ነበር።

«አይሆንም። የማላየውን ወንበር ሞቅ አድርጌ አልጠብቅም።»

ቦርሳቸውን ከመሳቢያው አወጡ። ባሌ ክንዳቸውን ሊይዝ ሲንደረደር እጁን ገፋ አደረጉት። «በገዛ እግሬ» አሉ። ሠራተኞቹ መንገድ ለቀቁ። እርምጃቸውን እየቆጠሩ ወጡ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። እያለቀስኩ ነበር የተከተልኳቸው። የግቢውን በር ካለፍን በኋላ ግን ቆም አሉና ማንንም ሳያዩ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። ባሌ ያዘው።

«ታውቂ ነበር?» አለኝ በእናቱ ራስ ላይ አሻግሮ።

«አውቅ ነበር።»

ሦስት ቀን አኮረፈኝ። አንዱ ቀን ይገባኛል። ሁለቱን ግን ከራሱ ጋር የተኳረፈበትን ነው እኔ ላይ የቆጠረው።

ያን ቀን ቤት ስንደርስ ሌላ ጉድ ጠበቀን። ባሌ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት አጭሩን ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር ወደ መተላለፊያው ስቦት ነበር። አማቴ እንደገቡ ቅልጥማቸውን መታቸው። አልጮሁም። ጎንበስ ብለው የጠረጴዛውን ጠርዝ ዳሰሱና «ዛሬ ደግሞ እዚህ ነው?» አሉ፤ እንደ ለመደ ሰው። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንደመታቸው ያን ጊዜ ገባው። ወለሉ ላይ ተቀምጦ እግራቸውን አቅፎ አለቀሰ። እሳቸው ራሱን እየዳበሱ «ተው፣ ተው፤ ጠረጴዛ ነው እኮ» ይሉታል።

የሁለቱን ሴቶች ካርድ ከመጠባበቂያው ቅጂ አውጥቶ ለመለያየት ሁለት ቀን ፈጀበት። ቱልባሩን እንዲንቀሳቀስ ለማድረግ አንድ ወር የወሰደበት ሰውዬ እንዲቆም ለማድረግ ግማሽ ቀን በቃው። ሁሉም ቁልፍ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። «እርግጠኛ ነዎት?»ም ተመለሰ። አሁን ማሽን ሦስት ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። ጠብታዎቹን በምላጭ ልትፍቃቸው ስትል ከልክሏታል፤ ኃላፊዋም «ይቀመጡ» ብላለች።

ቤታችን ግን ሳቅ ነው። የጥፍር ቀለሜን ወስዶ በየዕቃው እግር ዙሪያ ወለሉ ላይ ምልክት አደረገ። ወንበር በጣት ስፋት ቢንሸራተት ከሩቅ ያውቃል፤ «ማነው ያነሳው?» ብሎ ይቆጣል፣ እኔን። ሶፋውን ደግሞ በብሎን ከወለሉ አሰረው። እሱ ራሱ አልተሻለውም፤ ሲጨንቀው ግቢውን ይዞራል፣ ሳህኑን ይዞ። የሚያንቀሳቅሰው ነገር ስላጣ የሚንቀሳቀሰው እሱ ብቻ ሆኗል።

ባለፈው እሑድ የስፌት ክፍሌ ገብቶ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አነሳ። ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ተከተልኩት። እናቱ ክፍል ገብቶ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ዐይኑን አሰረ።

«እማዬ፣ ከአልጋሽ እስከ በሩ ስንት ነው?»

«ዐሥራ አንድ።»

ተነስቶ ሄደ። ስምንተኛው ላይ ግንባሩ ከመዝጊያው ጋር ተጋጨ። አማቴ ሳቁ።

«እርምጃህ ረዘመ። የኔን ሂድ፤ ያንተን አይደለም። እንደገና።»

ተመልሶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። እንደገና። ዘጠኝ ላይ ተጋጨ። እንደገና። እኔ ከመዝጊያው ፈቀቅ ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ አያለሁ። በስድስተኛው ጊዜ እንደ አሮጊት አጠር፣ ቀስ እያለ መጣ። ዐሥራ አንድ ብሎ ሲቆም እጁ መዝጊያው ላይ ነበር። ጨርቁን ከዐይኑ አላነሳም።

«አሁን ወደ ማድ ቤቱ አሳዪኝ» አላቸው።